ዓሣን ከባሮ ወንዝ እስከ ገበታ በንጽሕና ስለ መጠበቅ

ዓሣ ሰውነትን ከሚገነቡ ምግቦች አንዱ መሆኑን የማያውቅ የተማረ ሰው የለም። ይሁን እንጂ ከሥጋ ሁሉ ፈጥኖ የሚበላሸው እርሱ ስለ ሆነ፣ ጥቅሙን የሚያገኘው አጠባበቁን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ይህን ጉዳይ ለመመርመር ከጋምቤላ የተሻለ ሥፍራ በአገራችን አይገኝም። የአኙዋና የኑዌር ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ከባሮና ከገባሮቹ ዓሣ እያጠመደ ይመገባል፤ ሊቃውንትም በባሮና በአኮቦ ተፋሰስ ከ100 የሚበልጡ የዓሣ ዓይነቶች መኖራቸውን መዝግበዋል። ከእነዚህ መካከል ቆሮሶ፣ አምባዛና ናይል ፐርች በገበያ የታወቁ ናቸው።

የጋምቤላ አየር ግን ቆላ ነው። በበጋው ማብቂያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስባቸው ቀኖች አሉ። ዓሣው በሕይወት ሳለ በቆዳው፣ በስንጥቡና በአንጀቱ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሐዋስያን ሥጋውን ሊነኩት አይችሉም፤ ከሞተ በኋላ ግን የሚከለክላቸው የለም። በሙቀት ውስጥ አንዱ ጀርም በ20 ደቂቃ ሁለት ሊሆን ይችላል። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው የሒሳብ ጥያቄ አድርገው ቢሰጡት፣ አንዱ ጀርም ከ7 ሰዓት በኋላ ከ2 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። እንግዲህ በማለዳ ተይዞ እስከ ቀትር በፀሐይ የዋለ ዓሣ ምን እንደሚሆን ማስረዳት አያስፈልግም።

«በደንብ ከተቀቀለ ምን ይጎዳል?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ለዚህ መልስ የሚሰጠን ማኬሬል በሚባለው የባሕር ዓሣ ላይ የተደረገው ምርምር ነው። የማኬሬል ሥጋ ሂስቲዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛበታል። ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ሲቆይ ጀርሞች ይህን ሂስቲዲን ሂስታሚን ወደሚባል መርዝ ይለውጡታል። ከዚያ የበላ ሰው ብዙ ሳይቆይ ፊቱ ይቀላል፤ ራሱን ያመዋል፤ ልቡ ይመታል፤ ገላውን ያሳክከዋል፤ ሆዱም ይታወካል። እሳት ጀርሙን ይገድለዋል፤ ጀርሙ ሠርቶ የተወውን ሂስታሚን ግን አያጠፋውም። የወንዝ ዓሦች በአብዛኛው እንደ ማኬሬል ያህል ሂስቲዲን ስለሌለባቸው በዚህ መርዝ የሚያሰጉ አይደሉም። ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው፤ የተበላሸውን ምግብ እሳት አያድሰውም። በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣውን ማኬሬል፣ ሰርዲን ወይም ቱና የሚገዛም ሰው ቆርቆሮው ያበጠ፣ የዛገ ወይም የሚያፈስ ቢሆን ሳይቀምስ ይጣለው።

የትኩስ ዓሣ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ዓይኑ የጠራና ያበጠ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ቅርፊቱ የሚያበራና ከቆዳው የተጣበቀ፣ ሥጋውም በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚቃና ነው። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ስንጥቡ የጠቆረ፣ ሽታውም የከረፋ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም አይገዛም። በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ፣ ገዢው በጥድፊያ ይህን ምርመራ እንዳይተው እናሳስባለን።

ለዓሣ ጠባቂነት ከበረዶ የሚበልጥ የለም። በምርምር እንደ ታወቀው፣ ከሞቃት ውኃ የተያዘ ዓሣ ወዲያው በበረዶ ቢቀመጥ ከቀዝቃዛ ባሕር ከተያዘው ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ምክንያቱም በላዩ ያሉት ጀርሞች ሙቀት የለመዱ ስለ ሆኑ ብርዱ ያደነዝዛቸዋል። ስለዚህ ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ዓሣ ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈር መንገደኛ በረራው አጭር ነው ብሎ አይዘናጋ። ዓሣው የሚበላሸው በሰማይ ላይ ሳይሆን፣ ከወንዙ ዳር እስከ ማረፊያው ባለው መንገድና በጥበቃው ሰዓት ነው። የሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ውኃ በማያፈስ ሣጥን ውስጥ በበረዶ መካከል መቀመጥ አለበት። በረዶ በማይገኝበት ሥፍራ ግን ጨውና ፀሐይ አሉ። ሥጋው ውስጥ ያለው ውኃ ከመቶ 25 እጅ በታች ሲወርድ ጀርሞች መራባት ያቆማሉ፤ ከመቶ 15 እጅ በታች ሲወርድም ሻጋታ አያገኘውም። በመሬት ላይ ከተዘረጋ ግን ዝንብና አቧራ ስለሚያበላሹት፣ በቆጥ ላይ ከፍ አድርጎ ማድረቅ ይገባል።

የዓሣ ንጽሕና በጋምቤላ ሌላ ታላቅ ምክንያትም አለው፤ እርሱም የጊኒ ትል (ጊኒ ዎርም) ነው። ይህ ትል በሰው ገላ ውስጥ አንድ ዓመት ያህል አድጎ፣ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም ሆኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግር በኩል ቆዳ ቀድዶ ይወጣል። መድኃኒትም ሆነ ክትባት የለውም። ሕመምተኛው ኩሬ ውስጥ ሲገባ ትሉ እጮቹን ይረጫል፤ እጮቹን ረቂቅ የውኃ ነፍሳት ይበሏቸዋል፤ ያንን ውኃ ሳያጣራ የጠጣ ሰው ደግሞ ይያዛል።

እ. ኤ. አ. በ1986 በዓለም 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው በየዓመቱ በዚህ በሽታ ይያዝ እንደ ነበር ተገምቶአል። በአገራችን የማጥፋቱ ሥራ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተጀምሮ፣ በሽታው በጋምቤላ ክልል፣ በተለይም በጎግና በአቦቦ ወረዳዎች ተወስኖ ቀረ። በ2020 በኢትዮጵያ 11 ሰዎች፣ በ2021 አንድ ሰው፣ በ2022 አንድ ሰው ተይዘው ነበር፤ በ2023 እና በ2024 ግን በሰው ላይ አልተገኘም። ይሁን እንጂ ትሉ በውሾች፣ በድመቶችና በዝንጀሮዎች ላይም ስለ ተገኘ ትግሉ አላበቃም።

ዓሣ ከዚህ ጋር የተያያዘው፣ ውሾቹ እንዴት እንደሚያዙ ለማወቅ በቻድ በተደረገው ምርምር ነው። ዓሣ እጭ ያለባቸውን የውኃ ነፍሳት ሲውጥ እጮቹን በአንጀቱ ይዞ ሊያስተላልፍ እንደሚችል፣ በእንቁራሪት ሥጋ ውስጥም እጮቹ እንደሚቆዩ ታወቀ። እንግዲህ በወንዝ ዳር የሚጣል የዓሣ አንጀት ለውሻ ምግብ፣ ለትሉም ድልድይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚከተሉት ይፈጸሙ።

1ኛ/ የዓሣ አንጀት ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ለውሻና ለድመት ጥሬውን አይሰጥ።

2ኛ/ ዓሣ እስከ አጥንቱ ድረስ በደንብ ይብሰል።

3ኛ/ ጥሬ ዓሣ የተከተፈበት ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ለሌላ ምግብ አይዋል።

4ኛ/ የኩሬና የወንዝ ውኃ በማጣሪያ ጨርቅ ሳይጣራ አይጠጣ።

5ኛ/ በገላው ላይ አጠራጣሪ እብጠት ወይም ትል የታየበት ሰው ውኃ ውስጥ ሳይገባ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ እንዲህ ያለ ውሻም ይታሰርና ይነገር።

መምህራን ሆይ፤ አንድ ልጅ የዓሣ አንጀት መቅበርን ከእናንተ ተምሮ ለእናቱ ቢነግር፣ ከአንድ መንደር ውኃ አንድ ጠንቅ ይርቃል። የበሽታው የመጨረሻ ምሽግ በክልላችን መሆኑ ቢያሳዝንም፣ የመጨረሻውን ድል የማየት ዕድል ያለውም በዚሁ በባሮ አገር የሚኖረው ሕዝብ ነው።