ድምፁን የሚያናግረው ግራ እጅ

ማሲንቆ ያለው አንድ አውታር ብቻ ነው። ቀኝ እጅ በደጋን ሲገዘግዘው ድምፅ ይወጣል፤ ያንን ድምፅ ዜማ የሚያደርገው ግን ግራ እጅ ነው። ጣት አውታሩን ሲጫን፣ ሲለቅና ሲያርገበግብ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይወፍራል፣ ይንሰቀሰቃል። በሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ውስጥ የዚህ ግራ እጅ ሥራ ሞዱሌሽን ይባላል፤ አንድ ሲግናል ሌላውን እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ ማለት ነው። ሲግናሉ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል ወዴት እንደሚደርስ የሚወስነው ደግሞ ራውቲንግ ነው። ሶፍትዌሮች ሲወዳደሩ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው የሞጁሉ፣ ማለትም እርስ በርስ የሚገጣጠመው ክፍል፣ እና የሚያገናኘው ገመድ ብዛት ነው። እኔ ግን ሚዛኑ ሌላ ነው እላለሁ፦ ሶፍትዌሩ እንቅስቃሴን ከድምፅ እኩል ያከብራል ወይ? አቀናባሪውስ እዚያ ለመድረስ ስንት እርምጃ ይሄዳል?

ጥያቄው ከእነዚህ ሶፍትዌሮች ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ሮበርት ሙግና ዶን ቡክላ በአሜሪካ በቮልቴጅ የሚታዘዙ ሲንተሳይዘሮችን ሠሩ። በሙግ መሣሪያ ድምፁም፣ ድምፁን የሚያንቀሳቅሰው ትእዛዝም ያው ኤሌክትሪክ ስለሆኑ አንዱ የሌላውን ቦታ መያዝ ይችል ነበር፤ ቡክላ ግን ሁለቱን በተለያየ ዓይነት ገመድ ለያቸው። በመካከላቸው የተፈጥሮ አጥር እንደሌለ ያሳየው በ1967 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆን ቻውኒንግ ነው። የድምፅ መርገብገብን በጣም ሲያፈጥነው ጆሮ መርገብገቡን መስማት ያቆምና በምትኩ ፍጹም አዲስ የድምፅ ቀለም ይሰማል። በ1983 የወጣው ታዋቂው ሲንተሳይዘር ያማሃ ዲኤክስ7 የተመሠረተው በዚህ ግኝት ላይ ነው። እንግዲህ እንቅስቃሴና ድምፅ የሚለያዩት በፍጥነት እንጂ በባሕርይ አይደለም።

በዚህ ዓይን ሦስት ሶፍትዌሮችን እንይ። በ2000 የወጣው የስዊድኑ ሪዝን ሙግና ቡክላ የሠሩበትን ዓለም በስክሪን ላይ አምጥቷል፤ ታብ የሚለው ቁልፍ ሲነካ የመሣሪያዎቹ መደርደሪያ ዞሮ ጀርባው ከነገመዶቹ ይታያል። የሲግናሉን መንገድ በዓይን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መላ ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን የድምፅ ገመድና የትእዛዝ ገመድ አይቀላቀሉም፤ ትእዛዙም የሚታደሰው በየ64 ናሙናው፣ ማለትም በየ64 የዲጂታል ድምፅ ነጥቡ፣ አንዴ ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙና በሚሠራ ፕሮጀክት ይህ በሰከንድ 689 ጊዜ ያህል ይሆናል። ለዝግተኛ መርገብገብ ይበቃል፤ መርገብገቡን ቀለም እስኪሆን ማፍጠን የፈለገ ግን በዚያ ገመድ አይደርስም። የበርሊኑ ኤብልተን ላይቭ በ2009 ማክስ ፎር ላይቭ የተባለውን የመሣሪያ መገንቢያ ሲያስገባ ይህንን ድንበር አፈረሰ፤ ተጠቃሚው የፈለገውን መሣሪያ ከመሠረቱ መገንባት ቻለ። ሆኖም ግንባታው በተለየ መስኮት የሚከናወን፣ ወደ ፕሮግራመር ሙያ የተጠጋ ሥራ ነው። ኃይሉ ሙሉ ነው፤ መንገዱ ግን ረጅም።

ከኤብልተን የወጡ ባለሙያዎች እዚያው በርሊን የመሠረቱትና በ2014 ለገበያ የቀረበው ቢትዊግ ስቱዲዮ መንገዱን አሳጠረ። ከ2017 ጀምሮ በማንኛውም መሣሪያ ላይ ሞዱሌተር፣ ማለትም እንቅስቃሴ ሰጪ፣ ጭኖ የተፈለገውን መቆጣጠሪያ በማውስ መጎተት ብቻ ይበቃል፤ የእንቅስቃሴው ስፋትም እዚያው መቆጣጠሪያው ላይ ይታያል። በ2019 የተጨመረው፣ ሞጁሎች የሚገጣጠሙበት ግሪድ ደግሞ ማንኛውንም መውጫ ከማንኛውም መግቢያ ጋር ያገናኛል፤ ድምፅም ትእዛዝም አንድ ዓይነት ሲግናል ናቸው። ባቀረብኩት ሚዛን ቢትዊግ የሚቀድመው በዚህ ነው፤ የሙግን ነፃነት ለዕለት ሥራ በሚመች አጭር መንገድ ሰጥቷል።

ገመድ የአቀናባሪን ጊዜ ይበላል የሚሉ አሉ፤ ማስረጃም አላቸው። በ1970 የወጣው ሚኒሙግ የተባለው ሲንተሳይዘር ተወዳጅ የሆነው ውስጡ አስቀድሞ ስለተገጣጠመና መድረክ ላይ ገመድ መሰካት ስላስቀረ ነው። ነገር ግን የያኔው ችግር ገመዱ የተሠራውን አለማስታወሱ ነበር፤ ሶፍትዌር ግን አንዴ የተገጣጠመውን አስቀምጦ በቅጽበት ይመልሳል። የሚቀረው የመገጣጠሚያው ጊዜ ነው፤ እርምጃው ይቆጠር የምለውም ለዚህ ነው። ሌሎች ደግሞ በጊዜ መስመሩ ላይ እንቅስቃሴን በእጅ መሳል፣ ማለትም አውቶሜሽን፣ ይበቃል ይላሉ። የተቀዳ ድምፅ ለማስተካከል በእርግጥ ይበቃል። ነገር ግን የተሳለ መስመር የታሰረው ከዘፈኑ ሰዓት ጋር ነው፤ ሦስት ኖታ አብረው ሲመቱ ሦስቱን በአንድ ላይ ይጎትታቸዋል። በየኖታው የሚሠራ ሞዱሌሽን ግን ከእያንዳንዱ ኖታ ጋር ተወልዶ ከእርሱ ጋር ያበቃል፤ ጣት በበረታ ቁጥር እንዲበረታም ማድረግ ይቻላል።

ስለዚህ ሶፍትዌር የሚመርጥ ሰው የሞጁሉን ብዛት ትቶ አንድ ነገር ይሞክር፦ አንድ ኖታ ይያዝና ቀስ ብሎ እንዲርገበገብ ያድርገው፤ ከዚያም መርገብገቡን አዲስ ቀለም እስኪሆን ያፍጥነው። እዚያ ለመድረስ ስንት እርምጃ እንደፈጀበት፣ መድረስ መቻሉንም ልብ ይበል። የማሲንቆ ተጫዋች ግራ እጅ ፈቃድ ሳይጠይቅ አውታሩን ይነካል፤ ጥሩ ሶፍትዌርም ለአቀናባሪው ያንን ቅርበት ይሰጠዋል።