ጣባዋን ወደን እጇን ስንንቅ

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም

በቆቦና በአላማጣ መካከል በምትገኘው ዋጃ፣ እንደ ሌላው የወሎ ሙስሊም ቤት ሁሉ፣ ቡና ሲፈላ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይቀርባል፤ እሳት ላይ የተጣደው ጥቁር ጀበናና ረከቦቱ ላይ የተደረደረው ነጭ ስኒ። ሁለቱም ከአፈር የተሠሩ ናቸው። ለሠሪዎቻቸው ያለን አመለካከት ግን አንድ አይደለም።

ውድ አንባቢያን! «ስኒ» የሚለው ስም ከዐረብኛው «ሲኒ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙም «የቻይና» ማለት ነው። ቻይናውያን ካኦሊን የተባለውን ነጭ አፈር ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ እሳት እየተኮሱ ፖርሴሊን መሥራት ከጀመሩ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሙስሊም ነጋዴዎችም በባሕር አጓጉዘው ለብዙ አገር አዳርሰውታል። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ የተገኘውና በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የቁፋሮ ውጤት፣ ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ ሌላ ከቻይና የመጡ የሸክላ ስባሪዎችንም አሳይቷል። ስኒውን ማክበራችን እንግዲህ የቆየ ነው።

ጀበናው፣ ወጭቱና ጣባው ግን የእኛው እናቶች የእጅ ሥራ ናቸው። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ቆፍራ ታመጣለች፤ ጠጠሩን ለቅማ ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች። የአሮጌ ሸክላ ድቃቂ ጨምራ ታቦካዋለች። ያለ መሽከርከሪያ፣ በጣቶቿ ብቻ ቅርጽ ታወጣለታለች። በጥላ አድርቃ፣ በለስላሳ ድንጋይ አሽታ፣ በእንጨትና በኩበት ትተኩሰዋለች። በደንብ ያልደረቀ ዕቃ እሳት ከገባ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ጊዜ ይሰነጠቃል።

የዚህ ሁሉ ልፋት ምላሹ ምንድን ነው? በብዙ የአገራችን ክፍል «ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ይበላል» መባል ነው። ከጣባዋ እንበላለን፤ ልጇን ግን ለልጃችን አንጠይቅም።

በማስተማር ሥራችን ያጋጠመንን እናንሣ። አንዲት ተማሪ «የወላጅ ሥራ» በሚለው መስመር ላይ «የቤት እመቤት» ብላ ጻፈች። እናቷ ሸክላ ሠሪ መሆኗን እናውቅ ነበርና ለብቻዋ ጠየቅናት። «ኡስታዝ፣ እውነቱን ብጽፍ አብሮኝ የሚቀመጥ አይኖርም» አለችን። የምንመልሰው አጣን።

መልሱ ግን በዲናችን ውስጥ አለ። አላህ (ሱ.ወ.) የመጀመሪያውን ሰው እንደ ሸክላ ከሆነ ደረቅ ጭቃ መፍጠሩን በሱረቱ-ር-ረሕማን ነግሮናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሰው በእጁ ሠርቶ ካገኘው የሚበልጥ ምግብ እንደሌለ፣ ነቢዩ ዳውድም (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር አስተምረዋል። ዳውድ ብረት ሠሪ፣ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ ነበሩ። ታዲያ «ባለ እጅ» ብሎ መናቅ ከማን የተማርነው ነው? በሰው ማላገጥንና በመጥፎ ስም መጠራራትን የከለከለው፣ ክብርንም በተቅዋ ብቻ የለካው ሱረቱ-ል-ሑጁራት በየቤታችን ይቀራል። ዕቃን በተመለከተም የተከለከለው በወርቅና በብር መብላትና መጠጣት እንጂ በሸክላ አይደለም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! «ቡዳ» የሚለውን ቃል ልጆቻችን ከእኛ አፍ አይስሙ። ገበያ ወጥተን የጀበና ዋጋ ስንከራከር ከጀርባው ያለውን ልፋት እናስብ። ወጣቶችም ለትዳር ስትጠይቁ ዲንና ጠባይን እንጂ የእናቷን ሙያ አትመርምሩ።

ያቺ ተማሪ የእናቷን ሥራ ያለ ፍርሃት የምትጽፍበትን ቀን አላህ ያሳየን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።