ተጨማሪ መረጃ፦ ስም አልባ መረጃ ሕይወት ሲታደግ

ከጤና መዝገብ ላይ ስም፣ አድራሻና ስልክ ቁጥርን የመሳሰሉ የሰውን ማንነት የሚጠቁሙ ነገሮች ሲወገዱ የሚቀረው ስም አልባ መረጃ ይባላል። ጥቅሙን ከብሪታንያ ምሳሌ ተመልከቱ። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራስን ስለ ማጥፋት የሚሰበስቡትን መረጃ የማንንም ስም ሳይጠቅሱ ያሳትማሉ። መረጃው በአንድ ላይ ሲታይ፣ ከአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በወጡ ሰዎች ላይ አደጋው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ ታካሚው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ባለሙያ እንዲጠይቀው ተመከረ።

ተወያዩ፦ ስም ባይጻፍም ዕድሜ፣ መንደርና ሥራ አብረው ቢቀርቡ፣ በአንዲት ትንሽ ቀበሌ ሰውየው አይታወቅም ትላላችሁ? የከፋው ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ አዳምጡት፤ ለምታምኑት ትልቅ ሰውም ንገሩ።