ቁልፉ በእናት እጅ እንዲሆን

ብዙ እናቶች በእጅ ስልክ ገንዘብ መላክ ሲፈልጉ ልጃቸውን ወይም ጎረቤታቸውን ይጠራሉ፤ የምሥጢር ቁጥራቸውንም አብረው ይነግሩታል። ገንዘቡ የእናት፣ ቁልፉ ግን የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። እኛም «ስላልተማሩ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይሁንና ጥፋቱ ከእናቲቱ ሳይሆን፣ ሳያያትና ሳይጠይቃት ከሠራው ባለሙያ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለመሆኑ ሶፍትዌር የሚሠራ ባለሙያ የተጠቃሚውን ችግር በምን ዘዴ ይወቅ? ዘዴው የሚመረጠው ሊያውቅ በፈለገው ነገር ነው።

ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ገና ካልታወቀ፣ ወደሚኖርበትና ወደሚሠራበት ሄዶ ማየት ይበጃል። ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ሲጠየቅ አይናገርምና። ለዚህ ጎረቤታችን ኬንያ ምሳሌ ትሆነናለች። ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2005 በሙከራ ሲጀመር የታሰበው፣ የአነስተኛ ብድር ደንበኞች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ሙከራውን የተከታተሉት ባለሙያዎች ግን ሰዎቹ ገንዘብ እርስ በርስ ሲላላኩበት፣ ነጋዴዎችም ገንዘባቸውን ሲያሳድሩበት ተመለከቱ። አገልግሎቱ በ2007 ለሕዝብ ሲቀርብ ዋና ሥራው ለቤተሰብ ገንዘብ መላክ ሆነ።

የሚሠራው ነገር ታውቆ፣ የሚያጠራጥረው የአጠቃቀሙ ቅለት ከሆነ ደግሞ ናሙና ይዘጋጃል። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጧ በፊት በወረቀት እንደምትሞክር ሁሉ፣ የስልኩ ገጾች በወረቀት ላይ ይሣሉና አንዲት እናት በጣቷ እንድትነካቸው ይደረጋል። አንድ ሰው በስልኩ ፈንታ ሆኖ ወረቀቱን ይቀያይርላታል። ባለሙያው ዝም ብሎ ይመለከታል እንጂ «እዚህ ይጫኑ» አይልም። እርሷ የተደናገረችበት ቦታ መታረም ያለበት ቦታ ነው። በወረቀት ላይ ያለ ስሕተት በላጲስ ይጠፋል፤ ፕሮግራሙ ከተጻፈ በኋላ ግን ማረሙ ብዙ ድካምና ወጪ ይጠይቃል። ድምፅና ፍጥነት ግን በወረቀት ስለማይፈተኑ፣ በስልክ ላይ የሚሠራ ናሙና ያስፈልጋቸዋል።

የዚህ ሙያ አዋቂ የሆነው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደመከረው፣ ለአንድ ዙር ሙከራ አምስት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ አርሞ እንደገና መሞከር ነው። ነገር ግን አምስቱም የቢሮ ባልደረቦች ከሆኑ ድካሙ ከንቱ ነው። ማንበብ የሚቸግራት፣ ዓይኗ የደከመባትም እናት ከመካከላቸው ትኑር።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። እናታችን «ላክልኝ» ስትል ስልኩን ከእጇ አንንጠቅ፤ የት ላይ እንደተደናገረች እንጠይቃት። የሚሠራላትም ባለሙያ ሊሰማው የሚገባው ይህንኑ መልስ ነው።