«ታገሡ፣ አፉን ይፈታል»፦ ስለ ዘገየ ንግግር ተረትና እውነታ

የሁለት ዓመት ሕፃን አፉን አልፈታ ሲል ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አያት «ታገሡ» ትላለች፣ ጎረቤት ምላሱን እንዲያሳያት ትጠይቃለች፣ ዘመድ ስልክ ደውሎ «ቋንቋ አብዝታችሁበት ነው» ይላል። ከእነዚህ ምክሮች ገሚሱ ጉዳት የለውም፤ ገሚሱ ግን ሕክምና በጣም የሚጠቅምበትን ጊዜ ያባክናል።

ተረት፦ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ አባቱም እንደዚሁ ነበር»

ወንዶች በአማካይ ከሴቶች ትንሽ ዘግየት ማለታቸው እውነት ነው። ልዩነቱ ግን ቢበዛ የጥቂት ወራት እንጂ የዓመት አይደለም። የአባት ታሪክም ማጽናኛ አይሆንም፤ የንግግር ችግር በዘር ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ይልቁንም ቶሎ ለማስመርመር ተጨማሪ ምክንያት ነው።

በሁለት ዓመታቸው ከዘገዩት ልጆች ብዙዎቹ በኋላ እኩዮቻቸውን ይደርሳሉ። የትኛው እንደሚደርስ፣ የትኛው እንደሚቀር ግን አስቀድሞ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም።

ተረት፦ «ምላሱ ታስሮ ነው»

ከምላስ ሥር ያለችው ስስ ሥጋ ስታጥር ጡት መጥባትን ልታስቸግር፣ አንዳንድ ድምፆችንም ልታበላሽ ትችላለች። ምላሱ የታሰረ ልጅ ግን ቃሉን አጣሞ ሊናገር ይችላል እንጂ ዝም አይልም። በቤት ውስጥ በምላጭ መቁረጥ ደግሞ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

ተረት፦ «በር ሲንኳኳ ይዞራል፤ ጆሮውስ ደኅና ነው»

ብዙ ወላጆችን የሚያዘናጋው ይህኛው ነው። የመስማት ችግር ያለበት ልጅ ሁሉ ጨርሶ አይደነቁርም። የበሩን ኳኳታና የመኪናውን ጥሩንባ እየሰማ፣ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ሊያመልጡት ይችላሉ። ንግግር የሚደርሰው ተቆራርጦ ስለሆነ ቃላቱን መልሶ ማውጣት ይቸግረዋል። ችግሩ ከልደት ሊጀምር፣ ከማጅራት ገትር በኋላ ሊመጣ፣ ወይም በተደጋጋሚ የጆሮ ኢንፌክሽን ምክንያት ከታምቡሩ ጀርባ ከሚጠራቀም ፈሳሽ ሊነሳ ይችላል።

የጆሮ ምርመራ ልጁ እስኪያድግ አይጠብቅም፤ የተኛ ጨቅላ እንኳ በመሣሪያ ይመረመራል። በአሜሪካ መመሪያው ሕፃን በ1 ወሩ እንዲመረመር፣ ችግር ካለ በ3 ወሩ እንዲረጋገጥ፣ በ6 ወሩ ድጋፍ እንዲጀመርለት ያዛል።

ተረት፦ «ሁለት ቋንቋ ግራ አጋባው»

ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ውጭ አማርኛ፤ ወይም ዋሽንግተን ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ፣ እስራኤል ውስጥ አማርኛና ዕብራይስጥ መስማት ንግግርን አያዘገይም። የልጁ ቃላት ሲቆጠሩ የሁለቱም ቋንቋ ይደመራል፦ 30 የአማርኛና 25 የእንግሊዝኛ ቃል ያለው ልጅ 55 ቃል አለው። እውነተኛ መዘግየት ሲኖር በሁለቱም ቋንቋ ይታያል። ስለዚህ ወላጅ አማርኛውን ትቶ በማይቀናው ቋንቋ መንተባተብ የለበትም፤ ልጁን የሚጠቅመው ወላጁ አሳምሮ የሚናገረው ቋንቋ ነው።

ተረት፦ «ቴሌቪዥኑ ያስተምረዋል»

እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ያወጡት ጥናት ይህን ፈትኖታል። የ9 ወር ሕፃናት 12 ጊዜ ከቻይንኛ ተናጋሪዎች ጋር ሲጫወቱ የቋንቋውን ድምፆች መለየት ተማሩ። ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ምንም አልተማሩም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 መመሪያው ለአንድ ዓመት ሕፃን ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል።

ተረት፦ «ካላወራ ኦቲዝም ነው»

መዘግየት ብቻውን ኦቲዝም አይደለም። ሐኪም የሚያየው ሌላም አለ፦ ልጁ ዓይን ለዓይን ይተያያል? ስሙ ሲጠራ ይዞራል? የወደደውን በጣቱ እያመለከተ ያሳያል? መልሱ «አይ» ከሆነ ምርመራው ሊዘገይ አይገባም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ በ12 ወሩ እንደ «ባባ» ያለ ድምፅ ካላሰማ ወይም በእጁ ምልክት ካላሳየ፣ በ18 ወሩ ጥቂት ቃላት ከሌሉት፣ በ2 ዓመቱ «ውሃ አምጪ» ዓይነት ሁለት ቃል ካላጣመረ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የነበሩትን ቃላት ካጣ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ። በመጀመሪያ ጆሮው እንዲመረመር ጠይቁ። አሜሪካ የምትኖሩና ልጃችሁ 3 ዓመት ያልሞላው ከሆነ፣ የሐኪም ደብዳቤ ሳያስፈልጋችሁ ነፃ ግምገማ በቀጥታ መጠየቅ ትችላላችሁ።