ክረምቱ ሳይወጣ

የነሐሴ ወር ለትዳራችንና ለልጆቻችን

በነሐሴ ወር ከሰዓት በኋላ ቤታችሁ ምን ይመስላል? ሰማዩ ጠቁሯል። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ድምፅ እንኳ አያሰማም። በሩ ሥር ጭቃ የያዙ ጫማዎች ተደርድረዋል። ከትናንት ወዲያ የታጠበው ልብስ አልደርቅ ብሎ ወንበሩ ላይ ተሰጥቷል። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ልጆቹ ቤት ናቸው፤ አንዱ ስልኩ ላይ አፍጥጧል፣ ሌላዋ «ደበረኝ» ትላለች። መብራቱም መጣ ሄደ ይላል። እናት የእራቱን ነገር ታስባለች፣ አባት ደግሞ የመስከረምን ወጪ።

ብዙዎቻችን ይህን ወር የምንኖረው መስከረምን እየጠበቅን ነው። «ክረምቱ ይውጣና» እንላለን። ክረምቱ ይውጣና ቤቱን ቀለም እናስቀባለን፤ ክረምቱ ይውጣና ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፤ ክረምቱ ይውጣና የቤተ ሰብ ጸሎት እንጀምራለን። ነገር ግን መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤቱም፣ ሥራውም፣ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎቱም በአንድ ላይ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ለመነጋገር የቀረን ሰዓት ከእራት በኋላ ዓይናችን እንቅልፍ የሞላበት ሰዓት ብቻ ነው።

በአገራችን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ነሐሴ መካከሉ ላይ ይውላል፤ ዝናቡም ከሐምሌ ጋር ሆኖ የሚበረታበት ወር ነው። ቤተ ሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ሰዓት የሚቆይበት እንደዚህ ያለ ወር በዓመቱ ውስጥ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ላካፍላችሁ የምወደው አሳብ አንድ ነው፦ ቤት የሚሠራው በትልቁ ዕቅድ ሳይሆን ዝናብ ቤት ባዋለን ቀን በምናሳልፋቸው ትንንሽ ጊዜያት ነው። እነዚህ ጊዜያት ደግሞ ያልፋሉ።

ብርድ ለሐዋርያም ብርድ ነው

መጽሐፍ ቅዱስ ክረምትን አልረሳም። ከጥፋት ውኃ በኋላ እግዚአብሔር ወቅቶች እንደማይቋረጡ ተስፋ ሲሰጥ ክረምትንም ከእነርሱ ጋር ቈጥሮታል (ዘፍ. 8፥22)። በእስራኤል ምድርም ክረምት የዝናብ ጊዜ ነው፤ ወሩ ከእኛ ቢለይም ጭቃውና ብርዱ እንግዳ አይሆንብንም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሕይወቱ መጨረሻ ላይ እስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የለመነውን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በጢሮአዳ ትቶት የመጣውን ልብስ አምጣልኝ አለው፤ መጻሕፍቱንም ጠየቀ። ከክረምት በፊት እንዲመጣለትም አደራ አለው (2ኛ ጢሞ. 4፥13 እና 21)። አብያተ ክርስቲያናትን የተከለ ሰው የሚያሞቅ ልብስና የሚወደው ልጁ አስፈለጉት። ወገኖች ሆይ፣ መንፈሳዊ ሰው አይበርደውም ያለን ማን ነው? የትዳር ጓደኛችንም የቱንም ያህል ብርቱ አገልጋይ ቢሆን ሙቀት ያስፈልገዋል። ጳውሎስ «ከክረምት በፊት» ያለው ጊዜ ሲያልፍ የማይመለስ ነገር እንዳለ ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

እንግዲህ የነሐሴን አራት ሳምንታት አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ምድጃው

ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ መላጥያ በደረሰ ጊዜ የደሴቲቱ ሰዎች ዝናቡንና ብርዱን አይተው እሳት አነደዱላቸው (የሐዋ. 28፥2)። የማያውቁትን ሰው የተቀበሉት በእሳት ነው። እኛስ የምናውቀውን፣ በየቀኑ በበራችን የሚገባውን ሰው እንዴት ነው የምንቀበለው?

ባለቤቴ መጋቢ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከቀብር ሲመለስ ካልሲው ሳይቀር ውኃ ጠጥቶ ነበር። ውኃ አሙቄ በሳፋ አቀረብኩለት፤ እግሩን ነክሮ ጋቢውን ደርቦ ተቀመጠ። የ13 ዓመቷ ልጃችን በዝምታ ታይ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ በቤት ሥራ የምታግዘን እኅት ከገበያ በስብሳ ስትገባ ልጅቷ «እትዬ፣ ጫማሽን አውልቂ» ብላ ማንቆርቆሪያውን ስትጥድ አገኘኋት። ማንም አላዘዛትም። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ስለ ማጠቡ ለልጆቻችን ብዙ ጊዜ አንብበንላቸዋል፤ በዚያ ሳምንት ግን በቤታቸው አዩት።

በዚህ ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ከሰል አያይዛችሁ በቆሎ እሸት ጥበሱ። ልጆች ያራግቡ፤ አባትም ያገላብጥ። እሸቱ እስኪበስል መጠበቁ በራሱ ጨዋታ ያመጣል። አያት ካሉ የልጅነታቸውን ክረምት ያውሩ፤ እሳት ዳር የተወራ ነገር ከልጅ ልብ አይወጣም።

ነገር ግን እናቶች፣ አደራ! የተቀጣጠለ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አይደር። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ተኝተው ሳሉ የሚገድለውም ለዚህ ነው። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ስለጠፋ አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ራሱን ቢያመው፣ ቢያዞረው ወይም ቢያቅለሸልሸው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ ሳትዘገዩም ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ቤተ ሰብን ማሞቅ ቤተ ሰብን ከመጠበቅ ጋር ይሁን።

ሁለተኛው ሳምንት፦ በሩ

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ጅራፍ ሲጮኽ ትሰማላችሁ፤ ልጆችም «ሆያ ሆዬ» እያሉ በራችሁን ያንኳኳሉ። በዚሁ ወር ከ1 እስከ 15 ኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን የፍልሰታን ጾም ይጾማሉ። ወንጌላውያን ቤተ ሰቦች በዚህ ጊዜ ምን እናድርግ? ልጆቻችን ይጠይቁናል፤ አማኞችም የተለያየ አቋም አለን። እያንዳንዱ ቤት በጸሎትና በኅሊናው ይወስን።

እኔ ግን አንድ ነገር እላለሁ። በር ላይ የቆመው ልጅ የጎረቤታችን ልጅ ነው። እርጥብ ልብስ ለብሷል፣ ድምፁ ዘግቷል። የትምህርት ክርክር የሚደረገው ከእርሱ ጋር አይደለም። በሩን ከፍተን በስሙ ጠርተን «እንደ ምን አላችሁ ልጆች» ብለን ዳቦ ብንሰጠው እምነታችን አይጎድልም። በሩን ዘግተን ድምፃችንን ብናጠፋ ግን ልጆቻችን ከውስጥ ሆነው ያያሉ፤ የሚማሩትም ስለ እምነት ሳይሆን ስለ መደበቅ ነው። የሚጾመውን ጎረቤት ማክበርም እንዲሁ ነው። ቡና ስንጠራው ከቡናው ጋር ቆሎ እንጂ ቅቤ የገባበትን ነገር አናቅርብለት።

በዚሁ ሳምንት ብቻቸውን ያሉትን አስቡ። ባሏን በዚህ ዓመት የቀበረች እኅት ይህ የመጀመሪያ ክረምቷ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ቤቱ ምን ያህል እንደሚሰፋባት የምታውቀው እርሷ ናት። ልጅ ልካችሁ ሁለት እሸት በቆሎ ብታደርሱላት ስብከት አያስፈልጋትም።

ሦስተኛው ሳምንት፦ ጠረጴዛው

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ወሩ ሲጋመስ ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ የበዓል ወጪ፣ ለወላጆች የሚላከው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይመጣል። በብዙ ክርስቲያን ቤቶች ጠብ የለም፤ ዝምታ ግን አለ። ባልና ሚስት አብረው ይጸልያሉ፣ አብረው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ስለ ገንዘብ ግን እንደ ሁለት ተከራዮች ናቸው።

አንድ ባልና ሚስት ታሪካቸውን ስማቸው ሳይጠራ እንድናገር ፈቅደውልኛል። በትዳር 12 ዓመት ቆይተዋል። እርሱ ለልጆቹ ምዝገባ ከሥራ ባልደረባው በድብቅ ተበድሯል፤ እርሷም በድብቅ እቁብ ገብታ ከአስቤዛው እየቀነሰች ትጥላለች። ሁለቱም የደበቁት ሌላውን ላለማስጨነቅ ነው። ነገር ግን እርሱ «ብሩ የት ይገባል?» ብሎ በልቡ ይጠረጥራል፤ እርሷም «ለምን ያኮርፋል?» ትላለች። አንድ የነሐሴ ማታ መብራት ጠፋ፣ የሁለቱም ስልክ ባትሪ ጨረሰ፣ ልጆቹ ተኙ። በአንድ ሻማ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እርሷ «ምን እያሰብክ ነው?» አለችው። ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ዕዳ አለብኝ» አላት። እርሷም ስለ እቁቡ ነገረችው። ሻማው እስኪያልቅ ተነጋገሩ። ዕዳው በዚያ ማታ አልተከፈለም፤ ነገር ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ ዕዳው የሁለት ሰው ሆነ።

መጽሐፈ ምሳሌ ጠበኛ ሚስትን በዝናብ ቀን ከሚያንጠባጥብ ጣሪያ ጋር ያመሳስላል (27፥15)። ወንዶች ይህን ጥቅስ ይወዱታል! ነገር ግን ጣሪያ ማንጠባጠብ የሚጀምረው የላላ ሚስማር በበጋ ሳይጠበቅ ሲቀር ነው። ሚስት ደጋግማ የምትናገረው አንድ ጊዜ ስትናገር ስላልተሰማች ይሆን? ጠብታውን ከመውቀስ ቀዳዳውን አብራችሁ ፈልጉት።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። በመጀመሪያ ጸልዩ። ቀጥሎ የሚገባውን ገንዘብ በሙሉ፣ አሥራቱንና ወጪውን ጻፉ። ዕዳም ካለ ይጻፍ። በዚያ ማታ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ይቅር፤ «እንዴት እናድርግ?» የሚለው ይበቃል።

አራተኛው ሳምንት፦ መኝታው

ሰሎሞን ሁለት ሰዎች አብረው ቢተኙ እንደሚሞቃቸው፣ ብቻውን ያለው ግን እንደሚቸገር ተናግሯል (መክ. 4፥11)። እግዚአብሔር ለባልና ሚስት የሰጠው ሙቀት የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳዝነው በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ሆነው አንዱ ወደ ግድግዳው፣ ሌላው ወደ ስልኩ ፊቱን ሲያዞር ነው። በዚህ ሳምንት ሁለታችሁም ስልካችሁን ሳሎን አሳድሩት። ጆሮ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ ለትዳር ጓደኛ ይሁን። ከዚያ በኋላ ያለውን የዝናቡ ድምፅ ይሸፍነዋል።

የልጆችም መኝታ አለ። ዘዳግም 6፥7 የእግዚአብሔርን ቃል በቤት ስንቀመጥም፣ በመንገድ ስንሄድም፣ ስንተኛም፣ ስንነሣም ለልጆቻችን እንድንናገር ያዘናል። የ8 ዓመቱ ልጃችን ነጎድጓድ ይፈራል። አባቱ ከመብረቁ ብልጭታ እስከ ነጎድጓዱ ድረስ መቁጠር አስተማረው፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታልና። «ስድስት ቈጠርኩ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል!» ሲል ፍርሃቱ ወደ ጨዋታ ተለወጠ። ከዚያ ደግሞ «እግዚአብሔር ጨለማ ውስጥ ያየናል?» ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ያለው ጥያቄ በሰንበት ትምህርት ክፍል ብዙ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው መብራት ጠፍቶ፣ አባት አልጋው ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ ነው።

ባለቤታችሁ ወይም እናታችሁ በዓረብ አገር ወይም በሌላ ባሕር ማዶ ያለችባችሁ ቤተ ሰቦችም አላችሁ። ዘወትር «ላኪልን» ብቻ አንበላት። አንድ ማታ የቆርቆሮውን ዝናብ ድምፅ ቅዱና ልጆቹ ስሟን ጠርተው ሲጸልዩላት በድምፅ መልእክት ላኩላት። ዝናብ በብርቅ በሚታይበት ምድር የቤቷን ክረምት ትስማ።

አምስቷ ቀን

ነሐሴ በ30 ሲያልቅ ጳጉሜን ትመጣለች፤ 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም 6። ሰው ሁሉ ለዘመን መለወጫ ይሯሯጣል። እናንተ ግን በአንዷ ማታ ቤተ ሰቡን ሰብስቡና እያንዳንዱ ሰው በክረምቱ ያመሰገነበትን አንድ ነገር ይናገር። ትልቅ ምስክርነት አትጠብቁ። ምናልባት ትንሹ ልጅ «በቆሎው» ይላል። አሜን በሉ፤ እውነተኛ ምስጋና ነው።

መኃልየ መኃልይ 2፥11 ላይ ክረምት ያልፋል፣ ዝናብም ያቆማል። በእኛም ምድር አደይ አበባ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ከአንድ ክረምት የወጣን፣ ነገር ግን ሳንተያይ የወጣን ቤተ ሰብ እንዳንሆን ጌታ ይርዳን። ዛሬ ማታ ከባለቤታችሁ ጋር በምን ትጀምራላችሁ? በሳፋው? በወረቀቱ? ወይስ ስልኩን ሳሎን በማሳደር?

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ፤ ምድጃችሁም አይቀዝቅዝ።