የጥንዚዛ ስም ሲያከራክር

በአውሮፓ ኩሬዎች አምስት ሴንቲሜትር ገደማ የሚረዝም ጥቁር የውኃ ጥንዚዛ ይኖራል። ከሆዱ ሥር አየር ይዞ ስለሚጠልቅ ከታች ሲያዩት ብርማ ነው። ጎልማሳው የውኃ ተክል ይመገባል፤ እጩ ግን ቀንድ አውጣ አዳኝ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 ከመዘገበው ወዲህ ፍጡሩ ያው ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ግን አላረፈም። ሊኒየስ ዳይቲስከስ ፒሲየስ አለው፤ የቆየ የእንግሊዝ መጽሐፍ ሲገልጡ ሃይድረስ ፒሲየስ ሆኖ ይገኛል፤ ዛሬ ደግሞ ሃይድሮፊለስ ፒሲየስ ነው። ነገሩን የማያውቅ ሰው ሦስት ዝርያ ያለ ይመስለዋል።

እንዲህ ያለውን ሙግት የሚዳኘው በ1895 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን ነው። የሚዳኝበት ሕግ አራተኛ እትም ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራል። ዋናው መርሕ የርስት ክርክር ለሰማ ሰው አዲስ አይደለም፦ ቀድሞ የያዘ ይበልጣል። ሁለት ተመራማሪዎች ሳይተዋወቁ ለአንዱ ጥንዚዛ ሁለት ስም ቢያወጡለት ቀድሞ የታተመው ይጸናል። ቆጠራው የሚነሣው የሊኒየስ «ሲስቴማ ናቱሬ» አሥረኛ እትም ከወጣበት ከ1758 ነው።

ታዲያ የብርማው ጥንዚዛ ጉዳይ ለምን ተወሳሰበ? ሃይድሮፊለስ የሚለውን የወገን (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚያቅፈውን ቡድን) ስም ያወጣው ኤቲየን ሉዊ ዦፍሯ የተባለ የፓሪስ ሐኪም ነው፤ በከተማዋ ዙሪያ ስለሚገኙ ነፍሳት በ1762 ባሳተመው መጽሐፍ። ሕጉ ደራሲ ለእያንዳንዱ ዝርያ የወገንና የዝርያ ተብሎ የተጣመረ ሁለት ቃል በወጥነት እንዲጠቀም ያስገድዳል። ዦፍሯ ግን ለወገኖቹ ጥሩ ስም አውጥቶ ዝርያዎቹን በዚህ መንገድ አልሰየማቸውም። ስለዚህ በ1954 ኮሚሽኑ መጽሐፉን ለስያሜ አይበቃም ብሎ ጣለው፤ ሰው የለመዳቸው ስሞችም አብረው ወደቁ። አርባ ዓመት ቆይቶ፣ በ1994፣ ያው ኮሚሽን ከዚያው መጽሐፍ አንዳንዶቹን የወገን ስሞች መልሶ አጸደቀ፤ ሃይድሮፊለስ አንዱ ነው። ዳኛ የገዛ ፍርዱን ሲያለዝብ ማየት ደስ ይለኛል። ዛሬ ሙሉው ስም «ሃይድሮፊለስ ፒሲየስ (ሊኒየስ፣ 1758)» ተብሎ ይጻፋል። ቅንፉ ለጌጥ የገባ አይደለም፤ ሊኒየስ ዝርያውን ሲሰይም በሌላ ወገን ሥር እንዳስቀመጠው ያመለክታል።

ቀደምትነትም ቢሆን ገደብ አለው። አንድ ሰው ከአቧራ ውስጥ የተረሳ ጥንታዊ ስም አውጥቶ የታወቀውን ስም ላፈናቅል ቢል ሕጉ ያስቆመዋል። ጥንታዊው ስም ከ1899 በኋላ እንደ ትክክለኛ ስም ካልተሠራበት፣ አዲሱ ደግሞ ባለፉት 50 ዓመታት ቢያንስ በ10 ደራስያን፣ ቢያንስ በ25 ሥራዎች፣ ከ10 ዓመት ባላነሰ ጊዜ ውስጥ ከታየ፣ የተለመደው ይጸናል። ከዚህ ውጭ ያለው ጉዳይ ለኮሚሽኑ ይቀርባል፤ ሕጉን ለመሻር የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። እስኪወሰን ድረስ ሰው በለመደው ስም ይቀጥላል።

ከባዱ ሙግት ግን ስሙ በየትኛው አካል ላይ ነው የሚያርፈው የሚለው ነው። ስም የሚያርፈው በመግለጫው ላይ ሳይሆን በመርፌ በተሰካ አንድ ናሙና ላይ ነው። በውኃ ላይ እየዞረች የምትዋኘውን፣ አንዳንዶች «የውኃ እናት» የሚሏትን ትንሽ ጥንዚዛ እንውሰድ። ጋይሪነስ ናታቶር የሊኒየስ ነው፤ በ1829 ስቲቨንስ የሚባል እንግሊዛዊ ጋይሪነስ ሰብስትሪያተስ የተባለችውን መዘገበ። ሁለቱ እጅግ ስለሚመሳሰሉ በብሪታንያ ናታቶር ተብለው ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ሰብስትሪያተስ ሆነው ተገኝተዋል። ልዩነቱን ለማየት የወንዱን የመራቢያ አካል አውጥቶ በማይክሮስኮፕ ማነጻጸር የግድ ይሆናል። የድሮ ደራስያን ደግሞ አንዱን ናሙና ለይተው ሳያመለክቱ ብዙ ናሙና በአንድ ስም ስለተዉ፣ የኋላ ተመራማሪ ከመካከላቸው አንዱን መርጦ ስሙን ያስርበታል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ በወረቀት ላይ ሳይሆን በዚያ መርፌ ዙሪያ ነው። ይህም የማይበቃበት ጊዜ አለ፤ እንግሊዛዊው ሮበርት አንጉስ በዓይን የማይለዩ የውኃ ጥንዚዛ ዝርያዎችን የለየው ክሮሞሶማቸውን መርምሮ ነው።

ነገሩ ወደ እኛም ይደርሳል። በ1926 እና 27 ከነፍሳት ተመራማሪው ከሂዩ ስኮት ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ኦመር ኩፐር ከወንዞቻችንና ከሐይቆቻችን የውኃ ነፍሳት ሰበሰበ፤ ስለ ጠላቂ ጥንዚዛዎቹ የተዘጋጀው ዘገባ በ1931 ለንደን ታተመ። ከሰሐራ በታች ያሉትን ላኮፊለስ የተባሉ ጥንዚዛዎች ደግሞ ሦስት የሰሜን አውሮፓ ተመራማሪዎች ከየሙዚየሙ ናሙና እየጠሩ እንደገና መረመሯቸው፤ በ2015 የወጣው ሥራቸው ወደ 380 ገጽ ይጠጋል። በዚያ ሥራ ብዙ የድሮ ስሞች ለአንድ ዝርያ የተደራረቡ መሆናቸው ታውቆ ተጠቃለዋል። ዛሬ ከጣና ዳር አንዲት ላኮፊለስ ይዞ ስሟን ሊጽፍ የተነሣ ተማሪ መጀመሪያ ያንን መጽሐፍ መክፈት አለበት፤ ያልተፈታ ጥያቄ ከገጠመው የሚያነጻጽርበት ናሙና ለማግኘት ወደ አውሮፓ ሙዚየሞች መጻፍ ይኖርበታል።